አራት ነጥብ፣ ሰረዝ፣ እዝባር፦ በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ትንንሽ ምልክቶች ምን ይሠራሉ?

መጣ።
መጣ?
መጣ!
መጣ…
መጣ¡

አምስቱም ጋ ፊደሎቹ ያው ሁለት ናቸው። መልእክቱ ግን አምስት ነው። የመጀመሪያው ወሬ ይነግረናል። ሁለተኛው ይጠይቃል። ሦስተኛው ወይ ደስታ ነው ወይ ድንጋጤ፤ እሱን የሚወስነው የመጣው ሰውዬ ማንነት ነው። አራተኛው «ጉድ ሊፈላ ነው» የሚል ይመስላል። አምስተኛው ያሾፋል፤ «ይመጣል ብለህ ጠብቅ!» እንደማለት።

እነዚህን ምልክቶች ትምህርት ቤት እያለን በአንድ ክፍለ ጊዜ ሸምድደን አልፈናቸዋል። ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ ያያቸው ጥቂት ነው። አሁን ግን ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ቀኑን ሙሉ ይጽፋል። ስለዚህ ክርክሩም ተመልሶ መጥቷል። አራት ነጥብ ወይስ :: ? ፥ ወይስ ፣ ? ሁለት ነጥብስ ቀረ ወይስ አለ?

ምልክት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ራሱ ፊደል ሳይሆን ፊደሉ እንዴት እንደሚነበብ የሚነግረንን ነገር ሁሉ ነው። አንዳንዱ በቃላት መካከል ይቆማል፤ ነጥቡና ሰረዙ ማለት ነው። አንዳንዱ ፊደሉ ላይ ተጣብቆ ድምፁን ይቀይራል። ሌላው ከፊደሉ በላይ ተንሳፎ ለአንባቢው ድምፅህን አንሳ፣ ጣል፣ አርገብግብ ይለዋል። ሦስቱም ዓይነት በአገራችን ጽሑፍ ውስጥ አለ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንያዝ። አንድ ምልክት አንድ ሥራ ብቻ የለውም። ሥራ ይለውጣል፣ ሁለት ሥራ ደርቦ ይይዛል፣ ጡረታ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይቀጠራል። ክርክሩ የሚነሳውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ነው።

ሁለት ነጥብ የት ገባ?

ድሮ በቃልና በቃል መካከል ባዶ ቦታ አይተውም ነበር። ሁለት ነጥብ ነበር የሚገባው። እንዲህ፦

አበበ፡በሶ፡በላ፡ጫላ፡ጩቤ፡ጨበጠ።

ከዚያም በፊት፣ በአክሱም ዘመን የድንጋይ ጽሑፎች ላይ፣ ቃላትን የሚለያየው ቀጥ ያለ መስመር ነበር። መስመሩ ከደቡብ ዓረብ አጻጻፍ ጋር የሚጋሩት ነው። በኋላ ብራና ላይ ሁለት ነጥቦች ቦታውን ያዙ። በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ሮም ላይ በግዕዝ መዝሙረ ዳዊት አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው።

ሁለት ነጥብ ጌጥ አልነበረም። «ጌታ ሁን» ምርቃት ነው። «ጌታሁን» ደግሞ ሰው ነው፤ ምናልባትም ጎረቤትህ። «ካሳ ሁን» እና «ካሳሁን»ም እንደዚያው። ቃላቱ ከተጣበቁ ምርቃቱና ሰውየው አይለዩም። ቅኔ አዋቂዎች ይህችን ቀዳዳ ሆን ብለው ይጠቀሙባታል። ቃሉን አጣብቀው አንድ ነገር ይሉና ለያይተው ሌላ ያስደምጣሉ። አዋጅ የሚጽፍ ጸሐፊ ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ አያምረውም።

ታዲያ ለምን ቀረ? በአንድ ጀምበር አልቀረም። የጽሕፈት መኪና መጣ። የመጀመሪያውን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና እንደሠሩ የሚነገርላቸው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። መኪናው ላይ ባዶ ቦታ የሚሰጠው ቁልፍ ረጅሙና ለጣት ቅርብ የሆነው ነው። በየቃሉ ሁለት ነጥብ መምታት ግን ተጨማሪ ሥራ ነው። ከቃል በኋላ ሁሉ አንዴ ተጨማሪ መምታት በገጽ ሲሰላ ስንት መቶ ምት እንደሚሆን አስቡት። ባዶ ቦታ አሸነፈ። የንጉሡ ዘመን ጋዜጦችንና አዋጆችን ስታገላብጡ ሁለት ነጥብ ሞልቷል። ወደኛ ዘመን ስትጠጉ እየሳሳ ይሄድና ይጠፋል።

ጠፋ ስንል ግን ከሥራው ለቀቀ ማለት ነው እንጂ አልሞተም። ሰዓት ስንጽፍ «2፡30» እንላለን። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ስንጠቁም «ዮሐ. 3፡16» እንላለን። ዝርዝር ልንጀምር ስንል «ለምሳሌ፡-» ብለን ከጭረት ጋር እናጋባዋለን። ቃላትን ሲለያይ የኖረው ሰዓትንና ደቂቃን፣ ምዕራፍንና ቁጥርን ወደ መለያየት ዞረ። በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ የድሮ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። በዕድሜ የገፉ አባቶችም በእጃቸው ሲጽፉ ዛሬም ያስገቡታል።

፣ ፥ ፤ ። ምን ያለያያቸዋል?

በታክሲ እናስበው። ነጠላ ሰረዝ ማለት ሹፌሩ ፍጥነት ሲቀንስ ነው። ድርብ ሰረዝ ማለት ቆሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ሰው ሲጭን ነው። አራት ነጥብ ደግሞ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» ሲባል ነው።

ግራ የሚያጋባው ፥ ነው። የጋዜጣና የትምህርት ቤት አማርኛ ለአጭር ማረፊያ ፣ን ይጠቀማል። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስን ስትከፍቱ ግን እዚያው ቦታ ላይ ፥ን ታገኛላችሁ። አንዱ ትክክል ሌላው ስህተት ሆኖ አይደለም። ሁለት የአጻጻፍ ልማዶች ናቸው። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል ነው ችግሩ።

ሰረዝ በእርግጥ ትርጉም ይቀይራል? ይህን አንብቡ፦

ትናንት የመጣው ልጅ ታመመ።

ልጁ መቼ ነው የታመመው? ከዓረፍተ ነገሩ አይታወቅም። «ትናንት፣ የመጣው ልጅ ታመመ» ብንል የታመመው ትናንት ነው። «ትናንት የመጣው ልጅ፣ ታመመ» ብንል ደግሞ የመጣው ትናንት ነው፤ የታመመው ዛሬ ጠዋት ሊሆን ይችላል። ስናወራ ድምፃችን ከ«ትናንት» በኋላ ቆም ይላል ወይም አይልም፤ ሰሚው ይገባዋል። ወረቀት ላይ ያችን ቆም ማለት የሚተካት ሰረዟ ብቻ ናት።

አራት ነጥብ ለአማርኛ ቀላል ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ዓረፍተ ነገራችን በግስ ነው የሚያልቀው። «ሄደ»፣ «በልቷል»፣ «ነው» ሲመጣ አንባቢው ማለቁን ያውቀዋል። ነጥቡ የሚመጣው የታወቀውን ለማጽደቅ ነው። ችግር የሚፈጠረው ግሱ አልመጣም ሲል ነው። የዜና ጽሑፍ ላይ «ሲሆን» የምትባል ቃል አለች። «ስብሰባው የተካሄደው በአዳማ ሲሆን፣ የተገኙትም ኃላፊዎች ሲሆኑ፣ የተወያዩትም…» እያለች ስንቱን ጸሐፊ ከአራት ነጥብ አድናዋለች። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ካያችሁ «ሲሆን»ን በ«ነው።»፣ «ሲሆኑ»ን በ«ናቸው።» ተኩ። ምንም አይጎድልበትም።

በብራና መጻሕፍት ላይ ደግሞ አንድ ክፍል ሲያልቅ ጥቁር ነጥቦቹ መካከል ቀይ ነጥብ ይጨመርና አበባ የሚመስል ነገር ይሠራል። የአንቀጽ ማብቂያው ፨ም የዚያው ዘመድ ነው።

ጥያቄ ምልክታችን የራሳችን ነው ወይስ የውጭ?

የራሳችን አለን፤ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ሦስት ነጥቦች፣ ፧። ዛሬ ሁሉም ማለት ይቻላል ? ነው የሚጠቀመው። ለነገሩ አማርኛ ለጥያቄ ቃል አያጣም። «ወይ» አለ፣ «እንዴ» አለ፣ «ማን፣ የት፣ ለምን» አሉ። «መጣ ወይ» ካልክ ምልክቱ ቢቀርም ጥያቄ መሆኑ አይጠፋም። ምልክቱ የግድ የሚሆነው በድምፅ ብቻ ስንጠይቅ ነው፤ «መጣ?» እንደምንለው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ የምንጠይቀው አብዛኛውን እንዲያ ነው።

የቃለ አጋኖ ምልክቱ ትእምርተ አንክሮ ይባላል። ተገልብጦ ሲቆም (¡) ግን ትእምርተ ስላቅ ነው፤ ጸሐፊው የጻፈውን እንዳልተናገረው፣ እያሾፈ እንደሆነ ይጠቁማል። «እንዴት ያለ ቸር ሰው ነው¡» ብሎ የጻፈ ሰው ስለ ንፉግ ነው የሚያወራው። ፈረንሳዊው አልካንተር ደ ብራም በ1899 እ.ኤ.አ. ለአገሩ ጽሑፍ የስላቅ ምልክት አቅርቦ ነበር፤ አልተለመደለትም። ስፔኖች ደግሞ ይህንኑ ¡ የቃለ አጋኖ ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ ይጠቀሙበታል፤ ስላቅ የለበትም። መልኩ አንድ፣ ሥራው ሁለት። እኔን ከጠየቃችሁኝ በዚህ በማኅበራዊ ሚዲያ ዘመን ስላቅ ቁም ነገር ተደርጎ ስንቱን ሲያጣላ እያየን፣ ይህችን ምልክት መተዋችን ያሳዝናል።

ትእምርተ ጥቅስ ለምን ያከራክራል?

አማርኛ የሌላን ሰው ንግግር ሲያቀርብ እንዳለ ነው የሚያቀርበው። «እመጣለሁ አለ» እንላለን። የሚመጣው ያ ያለው ሰው ነው፤ እኔ አይደለሁም። «እመጣለሁ» የሚለው «እኔ» ግን የእሱ «እኔ» ነው። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው።

እስቲ ይህን እዩ፦

ወንድሜ ታሟል አለ።

የታመመው ማን ነው? «ወንድሜ ታሟል» አለ፤ ይህ ከሆነ የታመመው የተናጋሪው ወንድም ነው። ወንድሜ «ታሟል» አለ፤ ይህ ከሆነ ተናጋሪው የእኔ ወንድም ነው፣ የታመመው ሌላ ሰው ነው። ሦስተኛም አለ። የእኔ ወንድም መታመሙን ሌላ ሰው ነግሮኛል። በሦስት ቃል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት የተለያየ በሽተኛ።

አሁን በ«ወንድሜ» ቦታ «ድርጅታችን» ን፣ በ«ታሟል» ቦታ «ዕዳውን አልከፈለም» ን አስገቡ። ዕዳውን ያልከፈለው የማን ድርጅት ነው፤ የጋዜጣው ወይስ ቃለ መጠይቅ የተደረገለት ሰውዬ? አንድ ጥቅስ መጣሉ ነገሩን ክስ ሊያደርገው ይችላል። በዚህ ምክንያት ጥሩ አዘጋጅ የተነገረው ቃል የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ሳያረጋግጥ አያሳልፍም።

ጥቅስ ሌላም ሥራ አለው። ቃሉ የኔ አይደለም፣ አላምንበትም ማለት ነው። የሱቅ ማስታወቂያ «ታላቅ ቅናሽ» ብሎ ሲጽፍ አንባቢ ያመነዋል ወይም አያምነውም። ጋዜጠኛ ስለዚያው ሱቅ ሲጽፍ ጥቅሱን አስቀርቶ ታላቅ ቅናሽ ቢል ግን ቅናሹን እሱ መሰከረ። አንዳንድ ባለ ሱቅ ደግሞ ለማድመቅ ብሎ በራሱ ማስታወቂያ ላይ "ትኩስ" ዳቦ ብሎ በጥቅስ ይጽፋል። ሳያውቀው ዳቦውን አጠራጠረ።

እዝባር ስሜ ውስጥ ምን ይሠራል?

ይህች ዘመም ያለች መስመር (/) ብዙ ሥራ ደርባለች። ትልቁ ማሳጠር ነው፤ ት/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ዶ/ር፣ ወ/ሮ፣ ጠ/ሚኒስትር። አንዱ ምህጻረ ቃል ነጥብ ይወዳል (ዓ.ም.)፣ ሌላው እዝባር። ደንቡ የልማድ ነው። ችግሩ አንድ ፊደል ብዙ ነገር መሆኑ ነው። በ«ወ/ሮ» ውስጥ ያለው ወ ወይዘሮ ነው። በ«ወ/ማርያም» ውስጥ ያለው ወ ወልደ ነው። እኛ ሳናስበው እንለያለን፤ አማርኛ የሚማር ሰው ግን ይቸገራል።

አገር ቤት ውስጥ ገ/ማርያም፣ ኃ/ሚካኤል፣ ወ/ጊዮርጊስ ብሎ መፈረም ማንንም አይገርምም። የትምህርት ማስረጃውም በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንዲሁ ከነእዝባሩ ይወጣል። ችግሩ ውጭ ሲኬድ ነው። የማንኛውም አገር ፓስፖርት የፎቶ ገጽ ግርጌ ላይ ማሽን የሚያነባቸው መስመሮች አሉ። እነሱ የሚቀበሉት 26ቱን የላቲን ትልልቅ ፊደላት፣ አኃዞችንና < ምልክትን ብቻ ነው። እዝባር አይገባም። ስለዚህ ዲፕሎማው ላይ ባለ እዝባር ስም ያለው ሰው ፓስፖርቱ ላይ ሙሉ ገብረማርያም ይሆናል፤ ወይም ገ እና ማርያም ተጣብቀው ሌላ ስም ይወጣቸዋል። ከዚያ ዋሽንግተንም ሆነ ዱባይ ያለ መሥሪያ ቤት ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን አስረዳ ይላል። ልጃችሁን የምታስመዘግቡ ከሆነ ከመጀመሪያው ስሙን ሳያሳጥሩ ማጻፍ ብዙ ደብዳቤ ያስቀራል።

እዝባር ቀን ውስጥም ገብታ ታምታታለች። «3/4/2017» ስንል እኛ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለታችን ነው። ይህ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 12 ቀን 2024 ነው። ያንኑ ወረቀት አሜሪካዊ ካየው ማርች 4 ይለዋል። እንግሊዛዊ ካየው ኤፕሪል 3። ምልክቷ አልተሳሳተችም። ከየትኛው ወገን እንደሚጀመርና በየትኛው ዘመን እንደሚቆጠር ግን አትናገርም። ለውጭ ጉዳይ የሚሄድ ወረቀት ላይ የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይሻላል።

ፊደሉ ላይ የተጣበቁትስ?

በንጉሥ ዒዛና ዘመን፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከተጻፉት የድንጋይ ጽሑፎች ውስጥ አናባቢ የሌላቸውም ያላቸውም አሉ። ከዚያ በፊት ለ ብቻ ነበር፤ ለ ይሁን ሉ አንባቢው ነበር የሚያውቀው። በኋላ ፊደሉ ጎን ላይ ጭረት ሲጨመር ሉ፣ ጭረቱ ወደ እግሩ ሲወርድ ሊ፣ ቀለበት ሲሆን ሌ ሆነ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ቤቶች የተሠሩት በምልክት ነው።

አማርኛ ደግሞ ግዕዝ ያልነበሩት ድምፆች ነበሩት። አዲስ ፊደል አልፈጠረም፤ የነበሩትን ቆብ ደፋባቸው። ሰ ቆብ ሲደፋ ሸ፣ ተ ሲደፋ ቸ፣ ነ ሲደፋ ኘ፣ ዘ ሲደፋ ዠ፣ ከ ሲደፋ ኸ። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩዋቸው፤ ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን እየጻፈ ልብ አይላቸውም። «ቪዛ»፣ «ቴሌቪዥን» የሚሉ ቃላት ሲመጡም በ ቆብ ደፍቶ ቨ ሆነ። የግዕዝ ቁጥሮች ከላይና ከታች መስመር ያላቸውም በዚሁ መንገድ ነው፤ መነሻቸው የግሪክ ፊደል ነው፣ መስመሩ «ይህ ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው» ይላል።

በዜማ መጽሐፍ ላይ ያሉት ጭረቶች ምንድን ናቸው?

ድጓ የከፈተ ሰው ከመስመሩ በላይ የተበተኑ ነጥቦች፣ ጭረቶችና ቅስቶች ያያል። የዜማ ምልክቶች ናቸው። ዋናዎቹ ስምንት ናቸው፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት። ድርስና አንብር ተጨምረው አሥር ይሆናሉ።

ዜማው የቅዱስ ያሬድ ነው፤ በትውፊቱ የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ነው። ምልክቶቹ ግን በኋላ የመጡ ናቸው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ይነገራል። ዘመኑን ልብ በሉ። የግራኝ ጦርነት አገሩን ያመሰበት፣ ብዙ መጽሐፍ የተቃጠለበት ጊዜ ነው። በቃል ብቻ የሚተላለፍ ዜማ ምን ያህል በቀላሉ ሊጠፋ እንደሚችል የታየበትም።

ርክርክ ድምፅን ያርገበግባል። ይዘት ያዝ ያደርጋል። ቁርጥ በድንገት ያስቆማል። ደረት ድምፁን ወደ ደረት ያወርዳል። እነዚሁ ምልክቶች በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሌላ ትርጉም አላቸው፤ የክርስቶስን ሕማማት ያስታውሳሉ። ጭረት የግርፋቱ ሰንበር ነው፣ ርክርክ የደሙ ነጠብጣብ። መሪጌታው ምልክቱን ሲያይ እንዴት እንደሚያዜም ያስታውሳል፤ ስለ ምን እንደሚያዜምም ያስታውሳል።

«ታዲያ ምልክቱን ያወቀ ሁሉ ዜማውን ማንበብ ይችላል?» ብትሉ፣ አይችልም። ምልክቱ ከመምህር ተቀምጦ ዜማውን ለተማረ ሰው ማስታወሻ ነው። ላልተማረ ሰው ጭረት ነው።

ሲጠብቅና ሲላላ ለምን ምልክት የለውም?

አሁን ወደ ትልቁ ጉድለት መጣን። አማርኛ ውስጥ ተነባቢ መጥበቁና መላላቱ ትርጉም ይለያል። ጽሑፉ ግን አያሳይም።

ገና ገና አልደረሰም።

የመጀመሪያውን ና ጠበቅ አድርጋችሁ፣ ሁለተኛውን አላልታችሁ አነበባችሁት አይደል? በዓሉ ይጠብቃል፣ ጊዜው ይላላል። ማንም አልነገራችሁም። «ዋና» ሲላላ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ አለቃ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ ይሰፋል፣ ሲጠብቅ ሜዳ ነው።

ግስ ላይ ደግሞ ይብሳል። «ይበላል» ሲላላ በዪው ነው፣ ሲጠብቅ የሚበላው ነው። ስለዚህ «አዞ ይበላል» የሚል ርዕስ ቢገጥማችሁ ጽሑፉ ስለ አዞ ሥጋ ይሁን ስለ አዞ ጥቃት ዝም ብሎ አይታወቅም። የአርባ ምንጭ ሰው ቢያነበው ሁለቱንም ይጠረጥራል።

ለምን አልተበጀለትም? ተወላጁ አያስፈልገውም። ቃሉን ያውቀዋል፤ የቀረውን ዓውዱ ይነግረዋል። በጣም ሲያሳስት ጸሐፊው በቅንፍ «ጠብቆ ይነበብ» ብሎ ያልፋል። ሦስት ሰዎች ግን ይቸገራሉ። አንደኛው አማርኛን በትምህርት የሚማር የውጭ ሰው ነው። ሁለተኛው ውጭ አገር የተወለደ የኛው ልጅ ነው፤ ፊደል ቆጥሯል፣ ቃሉን ግን በጆሮው አልሰማውም። ሦስተኛው ሰው እንኳ አይደለም፤ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ኮምፒውተር ነው። እያንዳንዱን «አለ» መገመት አለበት፤ ሲስት ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ፈረንጅ ያነበበው ይመስላል።

ምልክቱ ግን አለ። ከፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦች ናቸው፤ ገና፟ ሲባል በዓሉ ነው። በዩኒኮድ ውስጥ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቦታ አለው። ዩኒኮድ ማለት እያንዳንዱ ፊደልና ምልክት በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲኖረው የሚያደርግ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። የዜማ ምልክቶቹም የገቡት በዚያው ዓመት ነው። ለሁሉም ጽሑፍ ይግባ ማለት ከንቱ ድካም ነው የሚሆነው። ለልጆች መጻሕፍትና ለመዝገበ ቃላት ግን ለምን እንደማይገባ አይገባኝም።

:: እና ። ልዩነት አላቸው?

ለዓይን የላቸውም፣ ለማሽን አላቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ቁጥር ነበረው። በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይወጣ ነበር። ብዙ ሰው የላቲኑን : ሁለቴ መምታት የለመደው ያኔ ይመስላል። አንዳንድ ኪቦርድ ላይ ሁለቴ ሲመታ ራሱ ወደ ። ይቀይረዋል። ካልቀየረው ግን ጽሑፉ ውስጥ ያለው አራት ነጥብ አይደለም። አራት ነጥብ የሚመስሉ ሁለት የላቲን ምልክቶች ናቸው።

ታዲያ ምን ያመጣል? ማሽን ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ ላያውቅ ይችላል። ትርጉም የሚሠራ ፕሮግራም ሁለት ዓረፍተ ነገር አጣብቆ ሊተረጉም ይችላል። ለጓደኛ «መጣሁ::» ለማለት ማንም አይጨነቅም። ለሕትመት ወይም ለድረ ገጽ የሚሆን ጽሑፍ ሲሆን ግን በ«ፈልግና ተካ» መጀመሪያ ::ን በ። ቀይሩ፣ ቀጥሎ ነጠላውን :ን በ፡ ቀይሩ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት አራት ነጥቦቹ ሁሉ ፡፡ ሆነው ይቀራሉ፤ የድረ ገጽ አድራሻዎች ካሉ ደግሞ አስቀድማችሁ አውጧቸው፣ : ከተነካባቸው አይከፈቱም።